የድሮ ትራክተር ባትሪ አልሞላ ሲል፦ ዲናሞውን ከመፍታታችሁ በፊት

አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግን ለሚውል ሰው ይህች ጥያቄ እንግዳ አይደለችም፦ «ትራክተሩ ባትሪ አይሞላም። ዲናሞው ሞቷል መሰለኝ፤ ሶማሌ ተራ ሌላ ፈልግልኝ።» አንዱ ከሰንዳፋ ይደውላል። ሌላው ከሆለታ ዲናሞውን ፈቶ፣ በኬሻ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ዲናሞው፣ ማለትም በሞተሩ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ፣ ደህና ነው። ችግሩ እዚያው ትራክተሩ ላይ ቀርቷል፦ የላላ ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ የዛገ የቦዲ ሽቦ (ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚታሰረው)፣ የተቃጠለ ፑንቲና (ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ መነካኪያ)።

ስለዚህ ዲናሞውን ሳትፈቱ የሚሠራውን በተራ አስቀምጬላችኋለሁ። ተራውን አትዝለሉ። የደከመ ባትሪ ይዛችሁ ዲናሞ ብትለኩ የሚመጣው ቁጥር ያሳስታችኋል።

መጀመሪያ፦ ያላችሁ በእርግጥ ዲናሞ ነው?

ብዙ ሰው አልተርኔተሩንም «ዲናሞ» ስለሚለው በዓይናችሁ ለዩት። ዲናሞ ረዘም ያለ፣ ቀጠን ያለ ድፍን ሲሊንደር ነው። ከኋላው ሁለት ሽቦ ይገባበታል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ከእሱ ተነጥሎ ደግሞ ክዳን ያለው የሬጉሌተር (የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ) ሣጥን አለ። አልተርኔተር አጭርና ወፍራም ነው፤ የአየር ቀዳዳ ይበዛዋል። የእናንተ አልተርኔተር ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ከታች ያለው ሙከራ ያቃጥለዋል።

ቁጥሮቹ በድሮ ማሴ ፈርጉሰንና ፎርድሰን ላይ ለሚገኘው ባለ 12 ቮልት ሉካስ ዲናሞ ናቸው። ትልቁ ተርሚናል «ዲ» (D) ነው፤ የመነጨው ኃይል የሚወጣው በእሱ ነው። ትንሹ «ኤፍ» (F) ነው፤ ውስጥ ያለውን የማግኔት ጥቅልል የሚመግበው እሱ ነው። እንደ ዴልኮ ያሉ የአሜሪካ ዲናሞዎች የውስጥ አገናኛቸው ሌላ ነው። ለእነሱ እርምጃ 5ን እና 6ን እንዳትጠቀሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቴስተር። ባለ መርፌ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲወጣና ሲወርድ በዓይን ይታያል። ዲጂታልም ይሠራል።
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የኢንች ቁልፎች (የእንግሊዝ ትራክተር ላይ የሚሊሜትር ቁልፍ ዳዶ ያበላሻል)
- ሁለት ቁራጭ ሽቦ፦ አንድ አጭር፣ አንድ ከባትሪው እስከ ዲናሞው የሚደርስ
- ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ትንሽ ቤንዚን
- ስስ ካርድ ወይም ወፍራም ወረቀት
- የሞተር ዘይት፣ ጥቂት ጠብታ

ጥንቃቄ

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ተርሚናል አትንቀሉ። «ዲናሞው ጥሩ ከሆነ ሞተሩ አይጠፋም» የሚሉት ሙከራ ለናፍጣ ሞተር ምንም አይነግራችሁም፤ ናፍጣ ያለ ባትሪም ይዞራል። ከዚህም በላይ ቮልቴጁ በድንገት ወጥቶ አምፖል ያቃጥላል።

የጋቢ ጫፍ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ ከቺንጋው አጠገብ አይቅረብ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ሲጋራም ብልጭታም አይሁን።

እርምጃ 1፦ ቦዲው ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ?

ከባትሪው ወደ ሻሲው የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ተከተሉ። የድሮ የእንግሊዝ ትራክተሮች ብዙዎቹ ፖዘቲቩ ከቦዲ ጋር የታሰረ ነው። ባትሪ የቀየረው ሰው እንደ ዘመኑ መኪና መስሎት ገልብጦ አስሮት ሊሆን ይችላል። «ባትሪ ከቀየርን ወዲህ ነው የተበላሸው» ካላችሁ ምክንያቱን እዚሁ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ያገኛችሁትን በወረቀት ጻፉት፤ ወደ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

እርምጃ 2፦ ባትሪ

ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። ከ12.4 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጀር ላይ አውሉት። ስታስነሱ ከ9.5 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ደክሟል፤ ወይም ተርሚናሉ ዝጓል። ከሞላም በኋላ 10.5 አካባቢ ላይ ከቆመ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል። እሱን የትኛውም ዲናሞ አያድነውም።

እርምጃ 3፦ ቺንጋ

በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢገባ ልኩ ነው። ጎኑ እንደ መስታወት ካበራ ይንሸራተታል ማለት ነው፤ ቀይሩት። ከልክ በላይ አታጥብቁት፤ ኩሽኔታውን ይበላል። ከዲናሞው የኋላ ክዳን መሀል ትንሽ የዘይት ቀዳዳ ካለ 2 ወይም 3 ጠብታ የሞተር ዘይት ጣል አድርጉበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ካርቦኑን (ከሚዞረው ክፍል ላይ ኃይል የሚቀበለውን መነካኪያ) ያረጥበዋል።

እርምጃ 4፦ አስነስታችሁ ለኩ፤ መብራቱንም አንብቡ

ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጉ። ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር አድርሱት። ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ እየሞላ ነው፤ ሥራችሁ አለቀ። ከ15 ካለፈ ወደ እርምጃ 8 ሂዱ። ንቅንቅ ካላለ ቀጥሉ።

በሚኒሞ ላይ (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር) አትለኩ። ዲናሞ በዝግታ ሲዞር አይሞላም፤ ተፈጥሮው ነው። በሚኒሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱም ብልሽት አይደለም። አንድ ሰው በዚህ ብቻ ደህና ዲናሞ ሲጥል ማየት ያናድዳል።

ቀይ የቻርጅ መብራት ያለው ትራክተር ከሆነ ደግሞ ነጻ መመርመሪያ አላችሁ። ቁልፍ ስትከፍቱ መብራቱን የሚያበራው ኃይል ወደ ቦዲ የሚደርሰው በዲናሞው ካርቦኖች በኩል አልፎ ነው። ስለዚህ፦

- ቁልፍ ተከፍቶ ካልበራ፦ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ የ«ዲ» ሽቦ ተቆርጧል፣ ወይ ካርቦን ተጣብቋል። ለመለየት የ«ዲ»ን ሽቦ ከዲናሞው ነቅላችሁ ከቦዲ ጋር አነካኩት። ያኔ ከበራ አምፖሉም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ዲናሞው ውስጥ ነው።
- በርቶ ነዳጅ ስትሰጡትም ካልጠፋ፦ ከ«ዲ» በቂ ኃይል አይወጣም።
- በወጉ በርቶ በወጉ ከጠፋ፣ ባትሪው ግን ካልሞላ፦ ዲናሞው እያመነጨ ነው። መንገድ ላይ የሚያስቀረው ሬጉሌተሩ ወይም ከሬጉሌተሩ እስከ ባትሪው ያለው ሽቦ ነው።

ከአልተርኔተር የተለየ አንድ ነገር፦ የአምፖሉ መቃጠል ብቻውን ዲናሞን ከመሙላት አያግደውም። አምፖል ቀይሮ ተአምር የሚጠብቅ አለ።

ካላችሁ አምፔር ሜትሩንም ተመልከቱ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ መርፌው ወደ መውጣት በኩል በኃይል ከተኛ የሬጉሌተሩ ፑንቲና ተጣብቋል፤ ባትሪው ተመልሶ ወደ ዲናሞው እየፈሰሰ ነው። ያኔ ጊዜ አትፍጁ፤ ባትሪውን ንቀሉ። ዲናሞው በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

እርምጃ 5፦ ዲናሞውን ለብቻው መሞከር

ዋናው እርምጃ ይህ ነው። ጥፋቱ ከዲናሞው ይሁን ከሬጉሌተሩ በእርግጠኝነት የሚለየው እሱ ነው።

ሞተሩን አጥፉ። ሁለቱንም ሽቦ ከዲናሞው ንቀሉ፤ ጫፋቸው ምንም እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልሉ። በአጭሩ ሽቦ «ዲ»ን እና «ኤፍ»ን እርስ በርስ አገናኙ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ እዚያ መገናኛ ላይ፣ ሌላውን የዲናሞው ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉ።

አሁን አስነሱ። በሚኒሞ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ነዳጅ ስጡት። ደህና ዲናሞ ከሆነ ቮልቴጁ ሳይዘልና ሳይንቀጠቀጥ ይወጣል። 20 ሲደርስ በቃ፤ ነዳጁን መልሱ። ከዚያ በላይ አትግፉት፤ ሬጉሌተር የሌለው ዲናሞ የሚያቆመው የለም። ሙከራው ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ።

የሚወጣው ቁጥር ይናገራል፦

- በቀላሉ 20 ከደረሰ ዲናሞው ደህና ነው። አትፍቱት። ወደ እርምጃ 8 ሂዱ።
- ዜሮ ከሆነ ካርቦኖቹ አይነኩም ወይም ቅሪት ማግኔቱ (ብረቱ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ማግኔት) ጠፍቷል። እርምጃ 6፣ ከዚያ 7።
- ከ0.5 እስከ 1 ቮልት ላይ ከቆመ ቅሪት ማግኔት አለ፤ የማግኔት ጥቅልሉ ግን ሥራውን አልጀመረም። ሞተሩን አጥፉና ማገናኛ ሽቦውን አንሱ። ከ«ኤፍ» እስከ ቦዲ በኦም ለኩ፤ 6 አካባቢ መሆን አለበት። መስመሩ ከተቆረጠ ወይም ወደ ዜሮ ከተጠጋ ጥቅልሉ ተበላሽቷል። 6 ኦም አካባቢ ከሆነ እርምጃ 6ን ሞክሩ።
- 4 ወይም 5 ቮልት ላይ ከቆመ አርማቸሩ (ውስጥ የሚዞረው ጥቅልል) ተቃጥሏል ብላችሁ ጠርጥሩ። ይህ የጠምጣሚ ሥራ ነው።

እርምጃ 6፦ ማግኔቱን መመለስ

ዲናሞ ሥራ የሚጀምረው ብረቱ ውስጥ በቀረች ትንሽ ማግኔት ነው። ለረጅም ጊዜ ከቆመ፣ ከወደቀ ወይም ባትሪው ተገልብጦ ከታሰረ ያቺ ማግኔት ትጠፋለች፤ ወይም አቅጣጫዋ ይገለበጣል። ከተገለበጠ ዲናሞውና ባትሪው ተቃራኒ ስለሚሆኑ ፑንቲናው ይቃጠላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይጥፋ። የ«ኤፍ» ሽቦ ከዲናሞው ይነቀል። ረጅሙን ሽቦ መጀመሪያ ከባትሪው ጋር እሰሩት፤ ከቦዲ ጋር ባልታሰረው ተርሚናል ላይ። ከዚያ ሌላውን ጫፍ በዲናሞው «ኤፍ» ላይ ለአንድ ሰኮንድ ያህል ነካ፣ ነካ አድርጉት። ትንሽ ብልጭታ ይኖራል፤ ያለ ነው። ቅደም ተከተሉ ለዚህ ነው፦ ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ ርቆ ዲናሞው ጋ እንዲሆን።

የ«ኤፍ»ን ሽቦ ሳትነቅሉ ይህን አታድርጉ። ኃይሉ ወደ ሬጉሌተሩ ይመለሳል። ከጨረሳችሁ በኋላ እርምጃ 5ን ድገሙ።

እርምጃ 7፦ ካርቦንና ኮሙቴተር

አሁን መፍታት ይፈቀዳል። ባትሪውን ንቀሉ፤ ቺንጋውን አውጡ። ከመክፈታችሁ በፊት ክዳኑና አካሉ የሚገጥሙበት ላይ በሹል ነገር ምልክት ጫሩ፤ ስትመልሱ ዞሮ እንዳይገጥም። ከኋላ ያሉትን ሁለት ረጅም ብሎኖች ፍቱ፤ ክዳኑ ከነካርቦኖቹ ይወጣል።

ካርቦኖቹን በጣት አንቀሳቅሱ። ቤታቸው ውስጥ ያለ ችግር መንሸራተት አለባቸው። ተጣብቆ ከሆነ በቤንዚን በረጠበ ጨርቅ ቤቱንም ካርቦኑንም ጥረጉ። ርዝመቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ከወረደ ቀይሩ፤ ከዚያ ካጠረ ስፕሪንጉ በቂ አይጫነውም።

ኮሙቴተሩን፣ ማለትም ካርቦኖቹ የሚያርፉበትን የመዳብ ክብ፣ ብርሃን ላይ እዩት። ጥሩ ሲሆን ለስላሳና ቡናማ መሰል ነው። ጠቁሮ ከሆነ በቤንዚን ጥረጉት። ካልለቀቀ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ያዙና አርማቸሩን አዙሩት። የብረት መሞረጃውን ጥቁር ሸራ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ፍርፋሪው መዳቡ ውስጥ ተቀርቅሮ ካርቦን ይበላል። በመዳቦቹ መካከል ያሉት ቀጫጭን መስመሮች መዳቡን ካከሉ ጠባብ በሆነ የመጋዝ ስለት ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ቦርቡሯቸው። ካልተቦረቦሩ ካርቦኑ ይነጥራል፤ ብልጭታ ይበዛል። ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ፣ ቺንጋውን ሳትመልሱ፣ ዲናሞውን እንደ ሞተር አዙሩት። «ዲ»ን እና «ኤፍ»ን አገናኙ፤ ከባትሪው ቦዲ ያልሆነ ተርሚናል ኃይል ስጡት፤ የዲናሞው አካል ደግሞ ከባትሪው ሌላኛው ተርሚናል ጋር ይገናኝ። ቀስ ብሎ፣ ሳይደነቃቀፍ፣ በሥራው አቅጣጫ መዞር አለበት። ተንፈራግጦ ካቆመ አርማቸሩ ውስጥ የሞተ ክፍል አለ። ይህች ሙከራ ወደ አዲስ አበባ የምታመላልሳችሁን መንገድ ታስቀራለች።

እርምጃ 8፦ ሬጉሌተር

እዚህ ላይ ቸኩሎ ብሎን የሚያዞር ሰው ነው ብዙ የሚያበላሸው። ብሎኑ የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ «ኢ» (E) የተጻፈበትን ተርሚናል ተመልከቱ። እሱ የቦዲ ሽቦ ነው። ባትሪውን ንቀሉና ከ«ኢ» እስከ ዲናሞው አካል በኦም ለኩ፤ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ትራክተር ቀለም ሲቀባ የቦዲው መታሰሪያም አብሮ ይቀባል፤ ቀለም ደግሞ ኃይል አያሳልፍም። ይህ ሽቦ ከተቋረጠ ሬጉሌተሩ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ጥቅልሎች ሥራ ያቆማሉ። ባትሪው አይሞላም፤ ዲናሞው ግን ልጓም እንደበጠሰ ፈረስ ይሮጣል። አዲስ ቀለም የተቀባ ትራክተር «ድንገት» መሙላት ካቆመ ሌላ ቦታ አትልፉ፤ ብረቱ እስኪታይ ፍቃችሁ መልሳችሁ እሰሩት።

ቀጥሎ «ዲ» እና «ኤፍ» ሽቦዎች ከዲናሞው እስከ ሬጉሌተሩ አለመቆረጣቸውንና አለመቀያየራቸውን አረጋግጡ። ከተቀያየሩ ሬጉሌተሩ ይቃጠላል።

ከዚያ ክዳኑን አንሱ። ሁለት ጥቅልል ታያላችሁ። አንደኛው ቮልቴጅ ይቆጣጠራል። ሁለተኛው ዲናሞውን ከባትሪው የሚያገናኝና የሚያለያይ በር ነው። የበሩን ፑንቲና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጉበት፤ ትቢያውን በጨርቅ ጥረጉ። ባትሪው ታስሮ እያለ ይህን ፑንቲና በእጅ አትጫኑ።

አሁን ቮልቴጁን ለመለካት፦ ባትሪው እንደተነቀለ ካርዱን በበሩ ፑንቲና መካከል አስገቡ። ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ። ቴስተሩን ከ«ዲ» እስከ «ኢ» አድርጉ፤ አስነሱ፤ ቀስ ብላችሁ ነዳጅ ስጡ። ቮልቴጁ ወጥቶ 16 አካባቢ ላይ መቆም አለበት። 16 አያስደንግጣችሁ፤ ባትሪ ስላልተጫነው ነው። ሲጫነው ወደ 14 ይወርዳል። ጥቅልሉ ሲግል ቁጥሩ ስለሚዛባ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ለክታችሁ ጨርሱ።

ሳይቆም ወደ 20 ከሄደ የቦዲ ሽቦውን እንደገና እዩ። እሱ ደህና ከሆነ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል። 14 ወይም 15 ላይ ከቆመ የመቆጣጠሪያውን ብሎን በጣም በትንሹ ወደ ማጥበቅ አዙሩ፤ እንደገና ለኩ። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍታችሁ ባትሪውን ንቀሉና ካርዱን አውጡ። ባትሪውን ስትመልሱና ስታስነሱ የበሩ ፑንቲና በ13 ቮልት አካባቢ መገናኘት አለበት፤ «ቀጭ» ሲል ይሰማል።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

- «ዲ»ን ከ«ኤፍ» ጋር አገናኝቶ መሄድ። እውነት ነው፣ ባትሪው ይሞላል። ከዚያ ይፈላል፤ ከዚያ አርማቸሩ ይቃጠላል። ለሙከራ እንጂ ለሥራ አይሆንም።
- መብራት ማብዛት። 22 አምፔር የሚያመነጭ ዲናሞ በ12 ቮልት የሚሰጠው 264 ዋት ነው። ባለ 55 ዋት አራት መብራት ብቻውን 220 ይወስዳል። ሌሊት የሚያርስ ትራክተር ባትሪው ቢደክም ዲናሞው አይወቀስም፤ መብራት ቀንሱ።
- ሬጉሌተሩን ገልብጦ ወይም የሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ ማሰር። ፑንቲናው ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል።
- ፖዘቲቩ ቦዲ በሆነ ትራክተር ላይ የመኪና ቴፕ ወይም የስልክ ቻርጀር መግጠም። ወዲያው ይቃጠላል።

ወደ ከተማ ከመጣችሁ

እርምጃ 5 ዲናሞው ነው ካላችሁ፣ ሬጉሌተሩንም አብራችሁ አምጡ። ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ተያይዘው ቢሞከሩ ይሻላል። ካርቦን ብቻ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ውረዱ፤ በትራክተሩ ስም ሳይሆን በመጠኑ አስተያዩ። ሙሉ ዲናሞ የምትገዙ ከሆነ አካሉ ላይ የተመታውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የፑሌጃውን ስፋትና የመዞሪያ አቅጣጫውንም። ያገለገለ ሲሸጥላችሁ ያንኑ እንደ ሞተር የማዞር ሙከራ እዚያው ፊታችሁ ያድርጉላችሁ፤ ባትሪ የሌለው ሱቅ የለም።

ለጠጋኙ ደግሞ በእርምጃ 1 የጻፋችሁትን አሳዩት። ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚታሰረው ኔጌቲቩ ቦዲ ሆኖ ነው። ትራክተራችሁ ፖዘቲቭ ቦዲ ከሆነ ዲናሞው ተጠግኖ፣ ማግኔቱ ግን ተገልብጦ ይመለሳል። ስለዚህ ገጥማችሁት ገመዱን ሁሉ ከማሰራችሁና ከማስነሳታችሁ በፊት እርምጃ 6ን ድገሙ።